ለጥምቀት ሰፍቶ መሸጥ፦ ከአንዲት የደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሱቅ በረንዳ ሲንጀር ዘርግቼ መስፋት ከጀመርኩ ብዙ ጥምቀት አለፈ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ሌላው ይስቃል፤ ልብስ ሰፊ ግን ይደነግጣል። ቀሚሱ ጥር 12 ቢደርስ ማን ይወስደዋል? ቀብዴን መልሺ ነው የሚከተለው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን እንቁጠር።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ መቀሱም ይነሳ። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ብቻ ነው፤ ሰው ደግሞ ልብሱን ለከተራ፣ ጥር 10 ይፈልገዋል። እኔ በልክ የሚሰፋ የአዋቂ ቀሚስ ከታኅሣሥ 20 በኋላ አልቀበልም። የእህቴም ቢሆን። ቀብድ ግማሽ፣ ያለ ቀብድ ጨርቅ አይቆረጥም።

ገዢው ሁለት ዓይነት ነው። የከተማው ደሞዝ ሲወጣ ይመጣል፣ በስልኩ ፎቶ ያሳያል፣ ተለክቶ ይሄዳል። የገጠሩ ጤፉን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ሸጦ ነው የሚመጣው። ብሩ እጁ ሲገባ ጥምቀት ደርሷል። «የዛሬ ሳምንት ተመለስ» ብትሉት ጎረቤታችሁ ጋ ይገባል። ለእሱ ቁምጣና ሽንሽን ቀሚስ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ይጠብቀው። ቁምጣውን በሦስት ልክ አዘጋጁ፤ አረንጓዴውን አብዙ።

ሽንሽን ላይ ጨርቅ አትቆጥቡ። ገጠር ያለች እናት ቀሚሱን ወገቡን ይዛ ታራግፈዋለች። ከተንሰራፋ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ካልተንሰራፋ መልሳ ትሰቅለዋለች፤ አንድ ቃል አትናገርም። የልጆቹን ደግሞ ከታች አራት ጣት አጥፋችሁ ስፉና እጥፋቱን ገልብጣችሁ አሳዩአት። «ዘንድሮ ታጥፎ፣ ከርሞ ተፈትቶ ይለበሳል» ስላት ስንቷ ሁለተኛ ልጇንም ጠርታ አስለክታለች!

አሁን ውርደቴን ልንገራችሁ። በጀመርኩ ሰሞን ለአንዲት ሙሽራ ነጭ የሽማኔ ሸማ ገዝቼ፣ አንገቱንና ደረቱን በቀይ ክር ጠልፌ ሰጠኋት። ቆንጆ ነበር፣ ራሴን አመሰገንኩ። ጥምቀት ጠዋት ካህናቱ ጠበሉን ሲረጩ ክሩ ቀለሙን ለቀቀ። ደረቷ ላይ የነበረው መስቀል እስከ ሆዷ ወረደ። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ዋለች፤ በማግስቱ እናቷ ቀሚሱን ጠቅልለው በረንዳዬ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ጥምቀት ውኃ እንዳለው አታውቂም ኖሯል?» አሉኝ። ብሩን መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ባለቀለም ክር ሳልፈትን አልጠልፍም። አንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ በውኃ አርሱት፣ በነጭ ጨርቅ መሀል አድርጋችሁ ትኩስ ካውያ ጫኑበት። ነጩ ላይ መስመር ከቀረ ክሩን ለባለሱቁ መልሱ። ሸማውንም ከመቁረጣችሁ በፊት ነክራችሁ አስጡት፤ ጥጥ ነውና ይሰበሰባል። በልክ የተሰፋ ቀሚስ ከአንድ እጥበት በኋላ አልገባ ሲል ጥፋቱ የሚለጠፈው በሰፊዋ ላይ ነው።

ዋጋ ስታወጡ ጨርቅ፣ ክር፣ ገበር፣ ኪራይ ትደምራላችሁ፤ ጉልበታችሁን ግን ትረሳላችሁ። የአንገት ጥልፍ ሦስት ቀን ከፈጀ የሦስት ቀን ውሎ አበል ይግባበት። ክርክር አይቀርም። «በሞቴ እታለም፣ ትንሽ ቀንሽልኝ» ሲሉኝ እኔም አንጀቴ ይላወሳል። ብሩን ከመቀነስ ግን ከቁርጥራጭ ጥበብ የሰፋሁትን የልጅ ፀጉር ማሰሪያ እመርቃለሁ። ለእኔ ምንም አይደለም፣ ለእነሱ ግን ምርቃት ነው፤ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

ቴሌግራም ላይ የምትሸጡ፣ ፎቶውን ጠዋት በረንዳ ላይ አንሱ፤ በአምፖል ብርሃን ነጩ ቢጫ ይመስላል። ሰው ይልበሰው። ዋጋውንም ጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ሳይ እኔ ራሴ አልፌ እሄዳለሁ። ቀብዱን በቴሌብር ተቀበሉና ስምና ልኩን ደብተር ላይ አስፍሩ፤ ስልክ ይጠፋል።

የእግር ሲንጀር ያላችሁ አትሽጡት። መብራት የሚጠፋው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ሥራ ሲደራረብ ነው። የከሰል ካውያም ይኑራችሁ።

ጥር 12 አንዳንድ ልብስ ተሰቅሎ ቢቀር ደንግጣችሁ በግማሽ ዋጋ አትበትኑት። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም አለች። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ቁምጣው እዚያ ይፈለጋል። ሰርጉም እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይቀጥላል። እኔ ባለፈው ዓመት አራት ሽንሽን ተርፎኝ ሁሉንም የአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች ወሰዱት፤ አንዱን ብቻ ወገቡን አጠበብኩ።