ቅርንጫፍ ልከፍት ስል ደብተሩ አዳነኝ

የቴኳንዶ ማሰልጠኛዬ 60 ልጆች ሲሞሉት ምክር ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አንዱ «ሁለተኛ ቅርንጫፍ ክፈት» አለኝ። ሌላው፣ የቢዝነስ አማካሪ ነኝ ባይ፣ «ቀበቶ በየወሩ ስጥ፤ ብሩ ያለው ፈተናው ላይ ነው» አለ። ሰማሁት። በ3ኛው ወር አንድ ባለ አረንጓዴ ቀበቶ ዶልዮ ቻጊ (ከጎን ዞሮ የሚመጣ እርግጫ) ልምታ ሲል በገዛ እግሩ ተጠልፎ ወደቀ። አባቱ ዳር ቆመው ያያሉ። ምንም አላሉም። በማግስቱ ልጁ ቀረ።

ያኔ ነው የክፍያ ደብተሬን ይዤ የተቀመጥኩት። ለካ አዲስ ልጅ አላጣሁም። የሚጠፉት ቢጫ ቀበቶ፣ ከአረንጓዴው በታች ያለውን፣ ከያዙ በኋላ ነው። ለወላጆች ደወልኩ። አብዛኞቹ ያነሱት የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ስንጨርስ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

የልጆቹን ክፍል ወደ 10 ሰዓት አመጣሁት። ፈተናውንም እንደ ድሮው በየ4 ወሩ አደረግኩት። ቅርንጫፉን ተውኩት፤ ኪራዩ የ6 ወር ቅድሚያ ነበር፣ እግዜር አወጣኝ!

አሁን መካሪ ሲመጣ እጠይቃለሁ፦ ማሰልጠኛ አስተዳድረህ ታውቃለህ? እኔ እሺ ካልኩ አንተ ምን ታገኛለህ? ያ አማካሪ ለካ ቀበቶና ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) የሚሸጥ ዘመድ ነበረው። መልሱ ቢጥመኝ እንኳ አንድ ክፍል ላይ ብቻ፣ ለ3 ወር እሞክረዋለሁ።

ልጁ ተመልሷል። ቢጫውን ታጥቆ፣ በራሱ ጥያቄ።