የኩላሊት እጥበት ላይ ሆኖ እግርን ማሠራት፦ ለአዛውንቶችና ለአስታማሚዎቻቸው

«አባባ፣ አርፈው ይተኙ» የሚል ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም። ግን አንድ የኩላሊት እጥበት 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ያውም በሳምንት ሁለት ወይ ሦስት ጊዜ። ዕድሜው የገፋ ሰው ይህን ሁሉ ሰዓት ተጋድሞ ሲከርም ጡንቻው ይከሳል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ማሽኑ ደሙን ሲያጥብ እግር ሥራ ፈት ነው። እሱን ማሠራት ይቻላል።

መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። በየዕለቱ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ለነርሷ ንገሯት። የደም ግፊት በጣም ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ የዚያን ቀን ይቅር። እጥበት ዘልሎ የመጣ ሰውም ይታገሥ፤ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ልቡን ሊያውክ ይችላል። በብሽሽት በኩል ቱቦ የገባለት ሰው ዳሌውንና ጉልበቱን ማጠፍ የለበትም።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ከሰውነቱ ብዙ ፈሳሽ ወጥቶ ስለሚሆን ግፊት መውረድና የጡንቻ መኮማተር ይበዛል።

መርፌ የገባበት ክንድ አይንቀሳቀስ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ከተማ እጥበት ላይ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁሉም ጋቢውን እስከ አገጩ ይስባል። እግርን ሸፍኑ፣ ክንዱን ግን አትሸፍኑ። መርፌው ሾልኮ ቢወጣ ደሙ ጋቢው ሥር ሲፈስ ማንም አያይም። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ይኸ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በቁርጭምጭሚት ጀምሩ፦ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ መሳብ፣ መልሶ ወደ ታች መግፋት፣ 10 ጊዜ። ቀጥሎ ተረከዝን ከአልጋው ሳያነሱ ወደ መቀመጫ መሳብና መዘርጋት፣ አንድ እግር በተራ። ከዚያ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ እግርን አንድ ስንዝር ያህል ማንሳት፣ እስከ 5 ቆጥሮ በቀስታ ማውረድ። መጣል የለም፤ ጡንቻው በማውረዱም ይሠራል። መጨረሻ ላይ የተጠቀለለ ፎጣ በሁለት ጉልበት መሀል አድርጎ መጭመቅ። ስትቆጥሩ ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ። ትንፋሽ የሚያፍን ሰው ግፊቱ ይጨምራል፤ እየቆጠረ ደግሞ ማፈን አይችልም።

አልጋ ሥር የሚቀመጥ ፔዳል ካለ ጥሩ ነው። ከሌለም ምንም አይጎድልም።

ልኩን በወሬ እወቁት። እየሠራ ከጎኑ ካለው ታካሚ ጋር ማውራት ከቻለ ልክ ነው። ቃሉ እየተቆራረጠ ከሆነ ይቀንስ። በ5 ደቂቃ ጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ፤ ከጊዜ በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም ክንድ ላይ እርጥበት ከተሰማ ወዲያው አቁሞ ነርስ መጥራት ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ በተለይ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ፣ በባዶ ሆዱ አይሥራ። በፆም እስከ 9 ሰዓት ካልቆየሁ የሚሉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ክርክሩን ለነፍስ አባታቸው ተዉትና እንቅስቃሴውን በበሉበት ቀን አድርጉት። እግራቸው የደነዘዘ ከሆነም ቤት ሲገቡ ተረከዛቸውንና በጣቶቻቸው መሀል እዩላቸው፤ ቁስል ቢኖር አይሰማቸውም።

እጥበቱ ሲያልቅ ዘሎ መነሳት የለም። ወደ ቤቱ፣ ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ ደብረ ሲና፣ መኪና የሚይዝ ሰው ይቸኩላል፤ ግን ቁጭ ብሎ ቆይቶ፣ ግፊቱን ተለክቶ ነው የሚቆመው። «ስፖርት ሠርቻለሁ፣ ውሃ ጠማኝ» ቢሉም የፈሳሹ ልክ ያው ሐኪሙ ያዘዘው ነው። አፋቸውን ይጉመጥመጡና ይትፉት።