ትራንስ ሆኖ ክርስትናን ለመያዝ፦ ከየት ይጀመራል?

"እናንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው። አማርኛችን አንድን ሰው ሲያናግር ወይ "አንተ" ነው ወይ "አንቺ"፣ መሀል የለውም። ገና ከመጀመሪያው መስመር ማንንም በማይሆን አጠራር መጥራት አልፈልግም።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ኦርቶዶክስ ቤት ያደግኩ፣ አሁን ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምኖር ትራንስ ሴት ነኝ፤ ስወለድ ወንድ ተባልኩ፣ እኔ ግን ሴት ነኝ ማለት ነው። የምነግራችሁ እኔ ጋ የሠራውን ነው። የቤተ ክርስቲያኔ አባቶች በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር እንደማይስማሙም አልደብቃችሁም።

መጀመሪያ ጸሎታችሁን አታቋርጡ። ክርክሩ ይቆይ። ብዙዎቻችን "ትክክል መሆኔን ላረጋግጥና ከዚያ እጸልያለሁ" እንላለን፣ እንዲህ እያልን ዓመት ዓመትን ይወልዳል። እኔ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህን አንሳልኝ። ሱባኤ ገባሁ። "መንፈስ ነው" ተባልኩና ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠበል ተጠመቅኩ። ሳይነሳልኝ ሲቀር እግዚአብሔር የተወኝ መሰለኝ፤ የተወኩት ግን እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ከዚያች ልመና ሌላ ከእሱ ጋር የማወራው ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ ስለ ሌላም ነገር አውሩት። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለታመመ ሰው። ቃል ካጣችሁ መዝሙረ ዳዊትን ያዙ፤ 138ኛው "አቤቱ፥ መረመርኸኝ፥ አወቅኸኝም" ብሎ ይጀምራል (የፕሮቴስታንት መጽሐፍ ቅዱስ ከያዛችሁ 139 ላይ ፈልጉት)። እኔ ወር ሙሉ ከሱ ሌላ አልጸለይኩም።

ጠበል አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ለበረከት ሂዱ። ነገር ግን ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት አቁሙ የሚል፣ የሚያስር ወይም የሚመታ ሰው ካለ በዚያው ሰዓት ውጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ለምታምኑት ሰው ደውሉ፤ አሜሪካ ያላችሁ 988 ላይ ሌሊትም ቀንም የሚያነሳ ሰው አለ።

ቀጥሎ ጥቅሶቹን በሰው አፍ ከመስማት ራሳችሁ አንብቧቸው። ዘዳግም 22፡5 ሴት የወንድ ልብስ፣ ወንድም የሴት ልብስ እንዳይለብስ ይከለክላል። አትዝለሉት። ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ቁጥር 8 አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው እንዳይወድቅ ለጣሪያህ መከታ አድርግለት ይላል። ቁጥር 11 ሱፍና የተልባ እግር አንድ ላይ የተሠራበትን ልብስ ይከለክላል። ቁጥር 5ን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቁጥር 11ን ሰምቶ አያውቅም፣ ይሄ እኔ ደጋግሜ ያየሁት ነው። አንዱ ትእዛዝ ዛሬ እንዴት ይሠራል ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ ሌላውንም መጠየቅ እንችላለን።

ከዚያ አንድ ምዕራፍ እለፉና 23፡1ን አንብቡ። የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል፣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። አሁን ወደ ኢሳይያስ 56 ሂዱ። እዚያ ጃንደረባው፣ ማለትም ያው የተሰለበው ሰው፣ "እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ" እንዳይል ይነገረዋል፤ እግዚአብሔር በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ሊሰጠው ቃል ይገባለታል። ያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ ያው አምላክ ነው።

ሦስተኛው የሐዋርያት ሥራ 8 ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ በትውፊታችን የእኛው አገር ሰው ስለሆነ። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ጃንደረባ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሊሰግድ ሄዷል። ሲመለስ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነው፤ የደረሰው "እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ" የሚለው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ምዕራፍ 53 ነው። ስለ እሱ ስለራሱ የተጻፈው ሦስት ምዕራፍ ብቻ ቀርቶታል። ፊልጶስ ሰረገላው ላይ ወጣ፣ ስለ ኢየሱስ ነገረው፣ ውኃ ጋ ሲደርሱ ሰውየው "እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" አለ። እኔ እንደማስበው ይህን ሲጠይቅ ዘዳግም 23ን ያውቀዋል። ፊልጶስ ግን በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንደተጻፈው የጠየቀው ማመኑን ብቻ ነው፤ አብረው ወረዱ፣ አጠመቀው።

ጃንደረባው ትራንስ ነበር እያልኩ አይደለም። የዛሬው ቃል ያኔ አልነበረም። ግን በአካሉ ምክንያት ከደጅ እንዲቀር የተጻፈበት ሰው ነበር፣ ወንጌል ወደ ኢትዮጵያ የገባችበትን ታሪክ ስንተርክ ደግሞ መጀመሪያ የምናነሳው እሱን ነው።

ስንክሳር የምታነቡ ካላችሁ ጥር 21ን ክፈቱ፣ አስተርእዮ ማርያም ናት። በዚያው ቀን የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያ ትታሰባለች። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ግብፅ አስቄጥስ ገዳም ገብታ ከመነኮሳት ጋር ኖራለች፣ ጢም ስላላበቀለች ወንድሞች ጃንደረባ ትመስላቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን የምትተርከው እንደ ተጋድሎ ነው፣ እኔም ከዚያ አልፌ "እሷም እንደኛ ነበረች" አልልም። ገድሏን ሳነብ ግን ብቸኝነቴ ይቀንሳል።

ስም። ይሄ ለእኛ ከሌላው ዓለም የበለጠ ከባድ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ጾታው ስሙ ውስጥ ይገባል፦ ወልደ ወይም ወለተ፣ ገብረ ወይም አመተ። ስትቆርቡ የምትጠሩት በዚያ ነው፣ ፍትሐትም የሚደረግላችሁ በዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን "በአንዲት ጥምቀት እናምናለን" ስለምትል ድጋሚ ጥምቀት አትጠይቁ፤ በሩን ዘግታችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። የጸሎት መጽሐፌ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አዲሱን ስሜን ጻፍኩ፣ ስጸልይ በሱ ነው ራሴን የማነሳው። አብራም አብርሃም ሲባል፣ ያዕቆብ እስራኤል ሲባል ስም ሰጪው እግዚአብሔር ነበርና ስሜን ለእሱ ማሳየት ደፈርኩ። አጠራሩ የሚቸግራቸው ሰዎች ካሉ ደግሞ "አንቱ" አለ፣ "እርስዎ" አለ። ጾታ አይለዩም። አንድ ዘመዴ ሁለት ዓመት "አንቱ" ሲለኝ ቆየ፣ ለሁለታችንም አረፈልን።

የንስሐ አባታችሁን ስትቀርቡ ሁሉንም በአንድ ቀን አታውርዱት። እኔ በስልክ "አባ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣብዎ ምን ይሉታል?" ብዬ ጀመርኩ። ዝም አሉ። ከዚያ "ጾሙን እንዳይተው ንገረው" አሉኝ። ስለ ማን እንደማወራ ያወቁ ይመስለኛል። ከቁጣ ሌላ ምንም ካልመጣ ግን አትከራከሩ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላችሁ ዝጉ። ቅዳሴ ላይ የወንድና የሴት ወገን ካስጨነቃችሁ ቅጥሩ ውስጥ ቁሙ፤ ድሮም ግማሹ ሕዝብ ዛፍ ሥር ነው የሚያስቀድሰው።

ኢትዮጵያ ያላችሁ ግን የማንም ታሪክ አያታልላችሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፣ ሰዉ ደግሞ ትራንስ መሆንን ከዚያ አይለይም። ለአንድ የታመነ ሰው እንኳ ከመናገራችሁ በፊት የምታድሩበት ሌላ ቤት ይኑራችሁ። ስልካችሁ ላይም ምንም አታስቀምጡ። ዝም ማለታችሁ እግዚአብሔርን መካድ አይደለም።

ውጭ ላለን ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በ2012 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሽላ ትራንስ ሰዎች ከአገልግሎት እንዳይከለከሉ ወስናለች። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2018 ትራንስ ምእመናን የጥምቀት ቃላቸውን በአዲስ ስማቸው የሚያድሱበትን መመሪያ አወጣች። ቫቲካን በ2023 ትራንስ ሰው መጠመቅ እንደሚችል አስታወቀች፣ በማግስቱ ዓመት ግን የጾታ ለውጥን የሚቃወም ሰነድ አወጣች፤ ስለዚህ ካቶሊኮች ሁለቱንም አንብቡ። መካነ ኢየሱስ ያደጋችሁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችሁ በ2013 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከስዊድን ሉተራውያን ጋር በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጉዳይ እንደተለያየች እወቁ። እነዚያ የውጭ ሉተራውያን ጋ ስትገቡ መዝሙሩ ያው ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰቡ ግን ሌላ ነው። "ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ" የሚል ጽሑፍ በር ላይ ስላያችሁ አትርኩ። ደውላችሁ ጠይቁ፦ ትራንስ ሰው ይቆርባል? ያገለግላል? ልጅ ማስተማር ይፈቀድለታል? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እውነቱ ይወጣል።

እኔ እሑድ ጠዋት እንዲህ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ እቆርባለሁ፣ ከሰዓት ቅዳሴያችንን በዩቲዩብ እሰማለሁ። ግዕዙ ካልገባ ሆዴ አይሞላም።

እናት የመጨረሻዋ ናት፣ ከሁሉም ከባድ ስለሆነች። በጥቅስ አትጀምሩ። እሷ የምትፈራው ልጄ እምነቷን ትታ ጠፋች ብላ ነው። እኔ መጀመሪያ ያልኳት "እማ፣ አሁንም እጾማለሁ" ነበር። ስምንት ወር አላወራችኝም። ልጅ ሳለሁ ስታቆላምጠኝ "ነይ" ትለኝ ነበር፣ ብዙ እናቶች ወንድ ልጃቸውን እንደሚሉት። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ደወለችና "ይዘሻል?" አለችኝ። ቁልምጫ ይሁን ሌላ አልጠየቅኳትም። "ይዣለሁ እማ" አልኳት፣ ከዚያ የላከችው ሽሮ ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።