ሊምፕዮ ወይስ ሊምፕዮ? የስፓኒሽ ኃላፊ ጊዜ ስህተቶቻችን

ለአበሻ ጀማሪዎች ስፓኒሽ ሳስጠና አንድ ስህተት አለ። ስንት ዓመት ሰምቼው አሁንም ያንገሸግሸኛል።

«አብላር» መናገር ነው። «እናገራለሁ» ለማለት «አብሎ» እንላለን። «እሱ ተናገረ» ለማለትም «አብሎ»። የሚለያቸው ድምፃችንን ጫን የምንልበት ቦታ ብቻ ነው። «አብ» ላይ ጫን ካላችሁ ነገሩ የአሁን ነው፣ ተናጋሪውም እናንተ። «ሎ» ላይ ጫን ካላችሁ ያለፈ ነው፣ የተናገረውም ሌላ ሰው። በስፓኒሽ ሲጻፍ በኃላፊው መጨረሻ ፊደል አናት ላይ ጭረት አለች። ጀማሪው ግን ቃሉን ደብተሩ ላይ በአማርኛ ይገለብጠዋል፣ ጭረቷም እዚያው ትቀራለች። (እኔም አሁን ያንኑ እያደረግኩ ነው፤ ምን ላድርግ።) ማታ ሲያነበው ሁለቱ አንድ ይሆኑበታል። እባካችሁ፣ በአማርኛም ብትጽፉ ጭረቷን አብራችሁ ጻፉ።

«ይህን ያህል ያጣላል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። «አለ»ን አንዴ አላልተህ፣ አንዴ አጥብቀህ አንብብልኝ እለዋለሁ። ያን ጊዜ ዝም ይላል።

እኔ ዋጋዬን ከፍያለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ምግብ ቤት ስሠራ አብዛኞቹ የወጥ ቤት ባልደረቦቼ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ነበሩ። አንድ ማታ ዋናው ሼፍ መጣና ወጥ ቤቱስ አለ። ባልደረባዬ አጽድቶታል ልለው «ሊምፕዮ ላ ኮሲና» አልኩ። «ሊም» ላይ ጫን ብዬ። «እኔ አጸዳለሁ» ማለት ነው። ሼፉ ደስ አለው። ከምድጃው ሥር ጀምር ብሎ መወልወያውን ሰጠኝ። ባልደረባዬ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

አማርኛችንም ያሳስተናል። «እርስዎ በሉ?» ስንል ግሡን እንደ ብዙ ሰው እናረባዋለን። ይህንን ልማድ ይዞ አንዲት አሮጊትን «ኮሚዬሮን?» (በላችሁ?) ያላቸው ተማሪ ነበረኝ። ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ ፈለጉ። የስፓኒሹ እርስዎ፣ «ኡስቴድ»፣ እንደ «እሱ» ነው የሚረባው፤ «ኮሚዮ» ይበቃል። «ለሴትስ?» ብላችሁ አትድከሙ። በላም በላችም ያው «ኮሚዮ» ነው።

«ነበር» ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ይበላ ነበር» ለማለት ጀማሪው ለ«ነበር» የብቻዋን ቃል ይፈልጋል። የለችም፤ ግሡ ውስጥ ገብታለች፤ «ኮሚያ» ነው። እስከዚህ ድረስ አማርኛ ይረዳል፦ «በላ» ኮሚዮ፣ «ይበላ ነበር» ኮሚያ። ግን «ትናንት ሙሉ ቀን ስሠራ ነበር» ስትሉ ተጠንቀቁ። «ነበር» ስላለበት ብቻ «ትራባኻባ» (እሠራ ነበር) ትላላችሁ። ቀኑ ተጀምሮ አልቋል፣ ሥራውም አብሮት። ስለዚህ «ትራባኼ ቶዶ ኤል ዲያ» (ሙሉ ቀን ሠራሁ) ነው የሚባለው። እኔ ይቺን ለመልመድ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

«ተናገርን» እና «እንናገራለን» ሁለቱም «አብላሞስ» ናቸው። የተሳሳታችሁ መስሏችሁ አትደናገጡ። «አዬር» ብላችሁ ትናንትን ጨምሩበት። እንደ «ኮሜር» (መብላት) በ«ኤር» የሚጨርሱት ግን ይለያሉ፤ «ኮሜሞስ» እንበላለን፣ «ኮሚሞስ» በላን።

ለ«አንተ» እና ለ«አንቺ» «አብላስቴ» በሉ። መጨረሻው ላይ «ስ» ጨምረው «አብላስቴስ» የሚሉ የአገሩን ሰዎች ትሰማላችሁ። እነሱ ይበሉ።

አንዳንዶች በመጀመሪያው ሳምንት «ኢሶ» (አደረገ) እና «ቱቦ» (ነበረው) የሚባሉትን ሕግ የማይገዛቸውን ግሦች አምጣ ይሉኛል። አላመጣም። መጨረሻው ላይ ጫን በሉ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስተምሬ፣ እነሱ ደግሞ መጀመሪያው ላይ ነው ጫን የሚባሉት። በዚያ ሌላ ቀን እንጣላለን።