የድባቴ መድኃኒት ጥናት ሲታቀድ የታማሚዎችን የሰውነት ልዩነት እንዴት መያዝ ይገባል?

በጥቁር አንበሳም ሆነ በአማኑኤል ሆስፒታል የድባቴ መድኃኒትን ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ፣ የሕመሙ ስም አንድ መሆኑ ታማሚዎቹን አንድ እንደማያደርጋቸው አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ፣ ከእነርሱም አንዱ የተደበተ ስሜት ወይም ደስታ ማጣት ሆኖ፣ ለሁለት ሳምንት የታዩበት ሰው ድባቴ አለበት ይባላል፤ በመሆኑም በአንድ ስም የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ምልክት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻ ይመዝግቡ። ድባቴን የሚመስሉትን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስንና ደም ማነስን በደም ምርመራ ይለዩ።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ነው፤ አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ እርሱ ነውና። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተመረመሩ 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያስወግድ ለሌላው የበቃው መጠን ለእርሱ ሊያንስ ይችላል፤ አማካይ ውጤትን ብቻ ያየ አጥኚም ጥሩውን መድኃኒት ደካማ ነው ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። በዚያ ላይ ጫት የዚህን ኢንዛይም ሥራ እንደሚቀንስ በጤነኛ ኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች ላይ ስለታየ፣ የዘረ መል ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ታማሚው ጫት የሚቅምባቸውን ቀናትና መጠኑንም ይጠይቁ።

በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ሲለኩ ደሙ የሚቀዳው ቀጣዩ ክኒን ከመወሰዱ በፊት ይሁን፤ ሰዓቱ በአገራችን ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑም በቅጹ ላይ ይገለጽ። መጠኑ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ምክንያቱን ለኢንዛይሙ ለመስጠት አይቸኩሉ፤ ታማሚው ለጸበል እንጦጦ ወጥቶ ወይም በጾም ምክንያት ክኒኑን ትቶ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ወቀሳ ከመሰለ እውነቱ አይነገርም፤ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሳይወስዱ ቀሩ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ታማሚዎቹ በኢንዛይማቸው ፍጥነት የሚከፈሉበት መንገድ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በፕሮፖዛሉ ይስፈር፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል በአጋጣሚ የመጣውን ልዩነት እውነት ያስመስለዋል። 100 ሰው ቢመዘገብ ትርፍ ቅጂ ያላቸው ወደ 30 ሊጠጉ ይችላሉ፤ እነርሱም በመድኃኒቱና በማነጻጸሪያው ቡድን ሲከፈሉ በየቡድኑ 15 ያህል ብቻ ስለሚሆኑ፣ ማን በየትኛው ቡድን እንደሚገባ የሚወስነው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የዘረ መል ውጤቱን ማወቅና የተመዝጋቢውን ብዛት ከእነዚህ ሰዎች ቁጥር ተነሥቶ ማስላት ይገባል።