የፍሬን መብራት ሲበራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ዓመት ከአሰላ ወደ አዳማ እየወረድኩ ነበር። ኢተያን አልፌ ወደ ዴራ ስጠጋ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የፍሬን መብራት ብልጭ አለ። ጠፋ። ኩርባ ስይዝ እንደገና በራ። የእጅ ፍሬኑን አየሁት፤ ወርዷል። ዴራ ላይ ቆምኩና የፍሬን ዘይት ገዝቼ ሞላሁ። መብራቱ ጠፋ። እፎይ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፊት ጎማ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ጎማው ሲፈታ ሸራው፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ የሚቆነጥጠው ክፍል፣ አልቆ የሸራው ብረት ዲስኩን ይልጠዋል። ሠፈራችን ውስጥ ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ዲስኩን በጣቱ እየዳበሰ፣ “መብራቱ እኮ ዘይት አልጠየቀህም፤ ሸራ ነው የጠየቀህ” አለኝ። በሸራ ብቻ ያልፍ የነበረው ወጪ ዲስክ ጨመረ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ገንዘቡ አይደለም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ልጆቼን ጭኜ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሻለሁ። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል።

ከዚያ ወዲህ ሰው መኪናው ላይ ይህ መብራት ሲበራበት ምን እንደሚያደርግ አስተውላለሁ። ሁላችንም የምንሳሳተው በተመሳሳይ ቦታ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ደግሞ፣ አሁን በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ላስረዳ።

ሁሉንም መብራት አንድ አድርጎ ማየት

ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩት። ቀዩ መብራት ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት ነው። የእጅ ፍሬን ሲሳብ፣ የፍሬን ዘይት ሲጎድል፣ በአንዳንድ መኪኖች ላይም የዘይቱ ግፊት ሲቀንስ ይበራል። ቢጫው ደግሞ የኤቢኤስ ነው። እሱ ብቻውን ከበራ ዋናው ፍሬን ይሠራል፤ በድንገት ስትረግጡ ግን ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከልላችሁ ነገር የለም። ዝናብ ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሁለቱ አብረው ሲበሩ ነገሩ ይከብዳል። በብዙ መኪኖች ላይ የፍሬኑን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ሥርዓት ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ጠንከር አድርጋችሁ ከረገጣችሁ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ተቆልፈው መኪናውን ሊያዞሩት ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ ረጅም መንገድ አትጀምሩ።

ዘይት ጨምሮ መገላገል

ይህ የእኔ ስህተት ነው። በጣም የተለመደውም እሱ ነው።

የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ አይቃጠልም። ከላይ ካለው መያዣ እስከ ጎማዎቹ ድረስ በዝግ መስመር ውስጥ ነው ያለው። ከጎደለ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሸራው እያለቀ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሸራ ሲሳሳ ካሊፐሩ (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ውስጥ ያለው ፒስተን ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ውጭ ይወጣል። ከኋላው የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ያ ዘይት የመጣው ከላይኛው መያዣ ነው። እኔ ዴራ ላይ የሞላሁት ይህንን ነበር። መያዣው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ሲል መብራቱ ጠፋ፤ የሸራው ማለቅ ግን አልቆመም።

ኩርባ ላይ ወይም ፍሬን ስትይዙ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ መብራት ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር አጠገብ ስላለ፣ መኪናው ሲያዘነብል ተንሳፋፊው ለአፍታ ይወርዳል።

ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት ሸራውን እዩ። በብዙ መኪኖች ላይ የፊቱን ሸራ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል በስልክ መብራት ማየት ይቻላል። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መቀየር አለበት። የውስጠኛው ሸራ ከውጨኛው ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ከውጭ ብቻ አይታችሁ አትርኩ። የኋላው በዲስክ ፋንታ ታምቡር (ሸራውን ውስጡ የሚይዝ ዝግ ከበሮ) ከሆነ ሳይፈታ አይታይም።

ሸራው ደህና ከሆነ ፍሳሽ ፈልጉ። የአራቱንም ጎማ የውስጥ ገጽ እዩ። ከፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ በእጃችሁ ዳብሱ። ማታ መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉና ጠዋት ተመልከቱ። እዚህ አዳማ ኤሲ እየሠራ የቆመ መኪና ሁሉ ሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል፤ በእሱ አትደንግጡ። ውሃ በጣት ሲታሽ አይንሸራተትም፤ የፍሬን ዘይት ያሟልጫል። አንዳንዴ ደግሞ ዘይቱ ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ወደ ሰርቮው (የእግራችሁን ጉልበት ወደሚያግዘው ክፍል) ውስጥ ይፈስና ውጭ ላይ ምንም አይታይም። ሸራው ደህና ሆኖ፣ ፍሳሽ ሳይታይ ዘይቱ እየጎደለ ከሄደ መካኒክ ማስተሩን ማየት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሸራው ባለቀበት መኪና ላይ ዘይቱን እስከ አፉ ከሞላችሁት፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስሳል። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል። ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ እጠቡት።

ያገኙትን ዘይት መጨመር

ይህኛው መኪና ያበላሻል፤ ሰውም ይገድላል። አንድ የማውቀው ሰው መንገድ ላይ የፍሬን ዘይት ሲያጣ የመሪ ዘይት ጨመረበት። “ሁለቱም የሃይድሮሊክ ዘይት አይደል?” ብሎ ነበር። አይደለም። የፍሬን ጎሚኒዎች (ዘይቱ እንዳያፈተልክ የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች) የተሠሩት ለፍሬን ዘይት ነው። የሞተር፣ የመሪ ወይም የካምቢዮ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ይለሰልሳሉ። ማስተሩ፣ ካሊፐሮቹና የኋላ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ይበላሻሉ። በስህተት ከጨመራችሁ ፔዳሉን አትርገጡ፤ መኪናውንም አታንቀሳቅሱ። ገና ሳይረገጥ ከተደረሰበት መያዣውን አውጥቶ በማጽዳት ሊተርፍ ይችላል። ከተረገጠ በኋላ ግን መስመሩ በሙሉ መታጠብ፣ ጎሚኒውም መቀየር አለበት።

ትክክለኛው ዓይነት የመያዣው ክዳን ላይ ተጽፏል። አብዛኞቹ እዚህ ያሉ የጃፓን መኪኖች ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላሉ። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ነው፤ ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም። ስሙ ከ5.1 ጋር ስለሚመሳሰል ስትገዙ ደጋግማችሁ አንብቡ።

ከተከፈተ ጠርሙስም አትግዙ። ቤት ውስጥ ለወራት ተከፍቶ የቆየውንም አትጠቀሙ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ውሃ ሲስብ ግን ይህ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ከአሰላ እስከ አዳማ ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ፍሬን ይዞ ብቻ የሚወርድ ሰው ዲስኩን ያግላል፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ውሃ የጠጣ ዘይት ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናው አይቆምም። ያኔ ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት ላይበራ ይችላል። አዲስ ዘይት ፈዛዛ ቢጫ ነው። የእናንተው ጠቁሮ ከሆነ ወይም ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሩት። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ብትሆኑ ይህ ይመለከታችኋል። ሸራችሁ ቶሎ አያልቅም፤ ዘይቱ ግን ያረጃል።

ቀላሉን ሳያዩ ከባዱን መፍታት

ዘይቱ ሙሉ፣ ሸራውም ደህና ሆኖ ቀዩ መብራት አልጠፋ ካለ ስዊቾቹን ፈትሹ። የእጅ ፍሬኑ ሥር ትንሽ ስዊች አለች። አቧራ ይገባባታል፤ ወይም የእጅ ፍሬኑ በደንብ አይወርድም። ማንሻውን ከፍ ዝቅ አድርጉና መብራቱን እዩ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የእጅ ፍሬኑን አውርዱ፤ ቁልፉን ክፈቱ፤ ከዚያ የስዊቿን ሶኬት ንቀሉ። መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ እዚያ ነው። ካልጠፋ መልሳችሁ ሰኩና በዘይት መያዣው ላይ ያለውን ሶኬት በተመሳሳይ መንገድ ሞክሩ። በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ይሠራል። ተንሳፋፊው ራሱ ተጣብቆም ሊሆን ይችላል፤ መያዣውን በጣት ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ አንዳንዴ ያላቅቀዋል።

የባትሪ መብራት አብሮ ከበራ ደግሞ ፍሬኑን ከመፍታታችሁ በፊት ዲናሞውን አስፈትሹ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያንስ በአንዳንድ መኪኖች ላይ የፍሬንና የኤቢኤስ መብራት አብረው ይበራሉ።

አምፖሉን መንቀል

ቦሎ ሲደርስ ይህን የሚያደርጉ አሉ። አምፖሉን ያወጣሉ፣ ሽቦውን ይቆርጣሉ፣ ወይም ከሌላ መብራት ጋር ያገናኙታል። እባካችሁ አታድርጉት። መኪናውን ነገ የሚነዳው ሚስታችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ከእናንተ የሚገዛው ሰው ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ቁልፉን ክፈቱና ቀዩ መብራት መጀመሪያ ላይ እንደሚበራ አረጋግጡ። ጨርሶ ካልበራ ወይ አንድ ሰው ነካክቶታል፣ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል።

ፔዳሉን ሳይፈትሹ መንዳት

ከመብራቱ ይልቅ እግራችሁ ብዙ ይነግራችኋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ይጠነክራል። እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ትንሽ ወረድ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ከዚያ ፔዳሉን በእኩል ጉልበት ለ30 ሰከንድ ያህል ያዙት። ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ወይ ማስተሩ ከውስጥ ያሳልፋል፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቷል። ቀይ መብራትና የሚሰምጥ ፔዳል አብረው ከመጡ መኪናው ከግቢ አይወጣም፤ “ጋራዡ እኮ እዚህ ጋ ነው” ተብሎም አይሞከርም። መካኒኩ ይምጣ፣ ወይም መኪናው ተጭኖ ይሂድ።

በክሪክ ብቻ መተማመን

ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። አዳማ ውስጥ ብዙ ግቢ አፈር ነው፤ ክሪኩ ይሰምጣል ወይም ያዘነብላል። ሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጉ፤ መሬት የሚነኩትን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ፤ መኪናውንም በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉት። ታምቡር ውስጥ ያለውን አቧራም በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አትንፉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ለሳንባ አደገኛ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ካሊፐሩን ስታወጡ በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በገመድ እሰሩት። ቱቦው ከውስጥ ሊቀደድ ይችላል።

ለቢጫው መብራት ዋናውን ዕቃ መቀየር

ኤቢኤስ ሲበራ “ፓምፑ ሄዷል” ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ጎማው አጠገብ ያለችው ሴንሰር ወይም ሽቦዋ ነው። በዝናብ ወቅት የወንጂን ጭቃ አቋርጦ የመጣ መኪና ሴንሰሩ በጭቃ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። የጎማው ኩሽኔታ ከላላ ወይም አንዱ ጎማ ከሌሎቹ የተለየ መጠን ካለውም መብራቱ ይበራል። ርካሹ ኦቢዲ ማንበቢያ (መኪናው ላይ ተሰክቶ የብልሽት ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ) ብዙውን ጊዜ የሞተር ኮድ ብቻ ያነባል፤ እነሱ በ“ፒ” ይጀምራሉ። የኤቢኤስ ኮዶች በአብዛኛው በ“ሲ” ይጀምራሉ። ይህንን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ኤሌክትሪሺያን ፈልጉ። የትኛው ጎማ እንደሆነ ኮዱ ይነግራችኋል።

ቁልቁለት ላይ መደናገጥ

መብራቱ እየወረዳችሁ ቢበራ መጀመሪያ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። የሚይዝ ከሆነ አደጋ ጠቋሚውን አብሩና ዳር ያዙ። የማይይዝ ከሆነ ደጋግማችሁ በፍጥነት ርገጡት፤ ግፊት ሊመለስ ይችላል። ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፤ ሞተሩ ይይዛችኋል። ሞተሩን አታጥፉ፤ መሪውም ሰርቮውም በእሱ ነው የሚሠሩት። የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ አትሳቡ፤ ማንሻው ጫፍ ላይ ያለውን መጫኛ ተጭናችሁ ቀስ በቀስ ሳቡ። ስትቆሙ ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ አስገቡና ሰዎቹን ከመኪናው አውርዱ። ዲስኩን በእጃችሁ አትንኩት፤ ያቃጥላል። ሽታ ካለና ፔዳሉ የሰመጠ ከነበረ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሲበርድ ፔዳሉ ቢመለስም እንኳ መውረዱን አትቀጥሉ፤ በቅርብ ካለው ከተማ መካኒክ ጥሩ።