ዋሻ ውስጥ ባትሪ ሲከዳ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

የባሌው ሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የዌይብ ወንዝ በአንድ አፉ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በውስጡ የሚጓዝ ሰውም ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ግድ ይለዋል። ጥቂት እንደተራመዱ የመግቢያው ብርሃን ከኋላ ይከደናል። የሌሊት ጨለማ ኮከብ አለው፣ የጎረቤት መስኮት አለው፤ ዓይን ቆይቶ ይለምደዋል። የዋሻ ጨለማ ግን አይለመድም። ዓይን የሚለምደው አንዳች ጭላንጭል የለበትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ የያዝኩት ባትሪ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሱቅ ውስጥ ሲበራ ሰው ፊቱን የሚያዞርለት ዓይነት ነበር። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ደከመ። መንገድ የሚመራን ጎልማሳ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ አሮጌ ባትሪውን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ ምንም ሳይናገር ከፊቴ መሄዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ባትሪ ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ጥያቄ ነው፤ «ያለህ ባትሪ እንዴት ነው የከዳህ?» ባትሪ ሁሉ አከዳዱ ይለያያል፤ ቀጥሎ ምን መግዛት እንዳለብዎት፣ ወይም ምንም መግዛት እንደማያስፈልግዎት የሚነግርዎት እሱ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በእኛ አነጋገር «ባትሪ» መብራቱም ነው፣ በሆዱ የሚገባውም ነው። እንዳንምታታ እዚህ መብራቱን ባትሪ፣ የሚጎርሰውን ድንጋይ እላለሁ።

«ሩቅ ያበራል፤ እግሬ ሥር ግን አይታየኝም»

ይህ ከሁሉም የበዛው ቅሬታ ነው፤ ባትሪው ግን አልተበላሸም። ብርሃኑ ጠባብ ነው። ሻጭ ባትሪ ሲያሳይ ከደጁ ወጥቶ ማዶ ያለ ግድግዳ ላይ ያነጣጥራል፤ ገዢም ርቀቱን አይቶ ይከፍላል። የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን የሚለካው በሉመን ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ያለው ጥንካሬ ደግሞ በካንዴላ። ያው 300 ሉመን ሰፊ ሆኖ ሊፈስ ወይም እንደ ጦር ሾሎ ሊወረወር ይችላል፤ ያው ውኃ ከጎማ ቱቦ ዝም ብሎ ሲፈስና ጫፉ በአውራ ጣት ሲጠብ እንደሚለየው ማለት ነው። ዋሻ ውስጥ ግድግዳው አምስት ሜትር ላይ፣ ጉድጓዱ አንድ እርምጃ ላይ ነው። ሹል ብርሃን አንድ ነጭ ክብ ይሠራና ዓይንዎ በዚያ ክብ ልክ ይጠባል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ከበፊቱ የባሰ ይጠቁራል።

ባትሪው ጭንቅላቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ክቡ እስኪሰፋ ድረስ ያንቀሳቅሱት። የማይንሸራተት ከሆነ ነጭ ስስ ፌስታል አጥፈው በፊቱ ላይ በላስቲክ ይሰሩበት፤ ብርሃኑ ይበተናል። በከፍተኛው ድምቀት ላይ ግን አያቆዩት፣ ፌስታሉ ይቀልጣል። የሚገዙ ከሆነ ለመራመድ ሰፊ ብርሃን ያለው፣ ግንባር ላይ የሚታሰር፣ ከ200 እስከ 300 ሉመን እውነተኛ ብርሃን የሚሰጥ በቂ ነው። ሹሉ ባትሪ ሁለተኛ ይሁን፤ ጣሪያ ለማየትና ማዶውን ለመሰለል።

የግንባር ባትሪም የራሱ ጣጣ አለው። ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ስለሚነሣ ጥላው ከዓለቱ ጀርባ ይደበቃል፤ እርከኑም ጉድጓዱም ሜዳ ይመስላል። «ባትሪው እያበራ ተደናቀፍኩ» የሚል ሰው ችግሩ ይህ ነው። ሁለተኛውን ባትሪ በእጅ ይዞ ወገብ ላይ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ጥላ ይወጣል፣ መሬቱም መልኩን ያሳያል። የዚያ ጎልማሳ እጅ ለምን ዝቅ እንዳለ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ሲበራ ይደምቃል፤ ወዲያው ይደበዝዛል»

ባትሪውን በእጅዎ ይዳስሱ። ሰውነቱ ከጋለ፣ ራሱን እያዳነ ነው፤ ደህና የተሠሩት ባትሪዎች ሙቀት ሲበዛባቸው ድምቀታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው በመካከለኛው ድምቀት መጓዝ ነው፤ ዓይን ልዩነቱን ብዙም አያስተውለውም፣ ድንጋዩ ግን እጅግ ይቆያል። ሰውነቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ከወረደ ድንጋዩ ደክሟል፣ ወይም ባትሪው ኃይሉን እኩል እየመጠነ የሚሰጥ ሰርኪት የለውም።

ካርቶን ሲያነቡም ይህን ያስቡ። ታማኝ አምራቾች የሚከተሉት ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል 1 የተባለ የመለኪያ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ ሉመኑ የሚለካው ባትሪው በርቶ 30 ሴኮንድ ካለፈ በኋላ ነው፤ «ይህን ያህል ሰዓት ያበራል» የሚባለው ደግሞ ብርሃኑ ወደ መነሻው 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «10 ሰዓት» የተባለው ውስጥ መንገድ የማያሳዩ ሰዓታት ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ የድምቀት ደረጃ ሰዓቱን ለይቶ የጻፈውን ይምረጡ። ከጉዞው በፊትም አንድ ምሽት ቤት ውስጥ በመካከለኛው ላይ አብርተው ሰዓት ይያዙ፤ ከካርቶኑ ይልቅ ይህንን ይመኑ።

«9900 ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይ ሁለት ሰዓት አይቆይም»

18650 የሚባለው የሊቲየም ድንጋይ ስሙ ልኩ ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። በዚህ መጠን ውስጥ ታማኝ የሆኑት አብዛኞቹ ከ2000 እስከ 3600 ሚሊ አምፒር ሰዓት (ድንጋይ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው) ይይዛሉ። 9900 የሚል ጽሑፍ ካዩ ሐሰት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያሻም። ለሚጠራጠር ሰው ሚዛን አለ፤ ደህናው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። አስመሳዩ ብዙ ጊዜ ይቀልላል፤ ተከፍተው በሆዳቸው ትንሽ ድንጋይና ዱቄት መሰል ሙሊት የተገኘባቸውም አሉ። የወርቅ ቤት ሚዛን ቢያስፈልግ እንኳ አይፈሩ፣ ያስመዝኑ።

እግረ መንገዴን፦ የሊቲየም ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ በአፍታ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ያበጠ፣ የተሰረጎደ ወይም ልባሱ የተቀደደ ድንጋይ ዋሻ ይቅርና ቤት ውስጥም አይቀመጥ።

«ይበራል ይጠፋል፤ ስመታው ይስተካከላል»

በጥፊ የሚታዘዝ ባትሪ የግንኙነት ችግር አለበት። ኤሌክትሪኩ ከድንጋዩ ወደ አምፖሉ ሲሄድ አራት አምስት ቦታ ላይ ብረት ከብረት ይነካካል፤ አንዱ ቆሽሿል ወይም ላልቷል። በቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ ክዳኑንም ጭንቅላቱንም አጥብቀው ያሽከርክሩ። ካልሆነ ይፍቱት፤ የድንጋዩን ሁለት ጫፎች፣ የቱቦውን ጠርዝና የክዳኑን ክር በእርሳስ ላጲስ ወይም አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉ። ሞላው ከተጨፈለቀ ቀስ ብለው ይሳቡት። አሁንም ካልተስተካከለ ማብሪያውን ይጠርጥሩ። ማብሪያው ኋላ ክዳን ላይ ከሆነ ክዳኑን አውልቀው የድንጋዩን ግርጌ ከቱቦው ባዶ ብረት ጋር በአሉሚኒየም ወረቀት ያገናኙ። ከበራ፣ ቀሪው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ የሞተው ማብሪያው ብቻ ነው። ይህችን ዘዴ መያዝ ዋሻ ውስጥም ይጠቅማል፤ የማስቲካ ብር ወረቀት የማይገኝበት ቦርሳ ጥቂት ነው።

«ቤት በርቶ ነበር፤ ስደርስ ባዶ ሆነ»

ቦርሳ ውስጥ ተነክቶ በርቶ ነው የከረመው። አንዱን ድንጋይ አውጥተው ይያዙ፣ ወይም ክዳኑን ሩብ ዙር ያላሉት። በቂ ነው።

«ከፈትኩት፤ ነጭ ዱቄት ሞልቶታል»

ድንጋዩ አልቅሷል። አዲስና አሮጌ ድንጋይ አብረው ሲገቡ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ጠንካራዎቹ በእሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ በግድ ያሳልፉና ያፈስሰዋል። ለወራት ሳይነካ የተቀመጠም እንዲሁ ያፈስሳል። የአልካላይን ድንጋይ ፍሳሽ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ያድርጉ፤ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ነክረው ይጥረጉ፣ ከዚያ በጥቂት ውኃ ጠርገው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ሞላው ከተበላ ግን አይልፉ፤ ባትሪው ለግቢ ይሁን፣ ለዋሻ አይሆንም።

«ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አደረ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ አበራ»

ይህ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ ከጀርባው ሁለት ጥርስ የሚያወጣው ባትሪ ነው። ብዙዎቹ በውስጣቸው የያዙት የመኪና ባትሪን ታናሽ ወንድም፣ የእርሳስና የአሲዱን ዓይነት ነው። የእሱ ጠላት ባዶ ሆኖ መቀመጥ ነው፤ ባዶውን ሲከርም በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ ቢሰኩትም አይሞላም። ቤት መብራት ሲጠፋ ለመጠቀም የያዙት ከሆነ ሁልጊዜ ሞልተው ያስቀምጡ፣ በየወሩ ሁለት ወሩም ይሰኩት። የተጋገረውን ለማዳን የሚደረገውን ልፋት አልመክርም። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ትራንስፎርመር ስለሌላቸው፣ እንደተሰኩ ከተከፈቱ በውስጣቸው ያለው ብረት 220 ቮልት ሊሆን ይችላል። ሳይነቅሉ በፍጹም አይክፈቱ።

በታይፕ ሲ የሚሞላውም የራሱ ዓመል አለው። በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ሲሰኩበት ጭራሽ የማይቀበል ባትሪ አለ፤ ሰውም ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። አምራቹ የሳንቲም ዋጋ ያላትን ሬዚስተር ስለቆጠበ ነው። በአንድ ጫፉ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ ያለበትን ገመድ ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

«መስታወቱ ከውስጥ ላበ»

ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ድንጋዩን ወዲያው ያውጡ፤ ባትሪውን ፈታተው ጥላ ላይ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ያድርቁ። ከዚያ በክሩ ሥር ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት ይፈልጉ። ተሰንጥቃ፣ ተጠማዛ ወይም አሸዋ ነክሳ ይሆናል። ጠርገው ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ይቀቧት፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ስለሚያሳብጥ ይቅር። ሲገዙ አይፒኤክስ የሚለውን ምልክት ይዩ። 4 ማለት የሚረጭበትን ውኃ ይችላል፣ 7 ማለት አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል። እንደ ሶፍ ዑመር ወንዝ እየተሻገሩ ለሚሄዱበት ቦታ ከ7 በታች አይግዙ።

«ባበራሁ ቁጥር ፊቴ ነጭ ግድግዳ ይቆማል»

እርጥብ አየር፣ የራስ ትንፋሽ ወይም አቧራ ነው፤ መኪና በጉም ውስጥ ረጅም መብራት ሲያበራ የሚሆነው ነው። ድምቀቱን ይቀንሱ፣ የግንባሩን አጥፍተው የእጁን ዝቅ ያድርጉ። ሰማያዊ የሚያጠቃው ነጭ ብርሃን እዚህ ይብሳል። የዋሻውን ዓለትም ሁሉ አንድ ግራጫ ያደርገዋል፤ 4000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አካባቢ ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን የእርጥበቱንና የአፈሩን ቀለም ይለያል። እኔ ሉመን ቀንሼ ቀለሙን እገዛለሁ።

ድምቀት ራሱ ጥፋት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የሌሊት ወፎች ወዳሉበት ጣሪያ ኃይለኛ ብርሃን መልቀቅ ያስበረግጋቸዋል። የባልደረባዎን ዓይን በግንባር ባትሪ ከመቱት ደግሞ እንደገና ጨለማውን ለመልመድ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል፤ ስታወሩ አንገት ዘወር ይበል፣ ወይም ቀይ ብርሃን ይብራ። ጭራሽ ባትሪ የማይፈለግበት ቦታም አለ፦ ላሊበላ፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆርዮስ በሚወስደው ጨለማ መተላለፊያ አስጎብኚዎች «አጥፉና ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ እለፉ» ይላሉ። እዚያ ጨለማው የጉብኝቱ አካል ነው።

«ስልኬ ይበቃኛል ብዬ ነበር»

የስልክ መብራት አይንጠለጠልም፣ ውኃ ይፈራል፣ ሲያልቅም ጥሪውን ይዞ ያልቃል። በዋሻ አሳሾች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፦ ለአንድ ሰው ሦስት መብራት። ስልክ ከሦስቱ አይቆጠርም።

«ሁሉም ጠፉ»

ብዙ ጊዜ መንስኤው ሦስቱም ባትሪዎች በአንድ ቀን የተገዛ፣ የአንድ ካርቶን ድንጋይ መጉረሳቸው ነው፤ አብረው ይደክማሉ። ቢያንስ አንዱ የተለየ ድንጋይ የሚወስድ ይሁን። ከጠፋ ግን አንድ እርምጃ አይራመዱ፤ ባሉበት ቁጭ ይበሉ፣ ድንጋዩንም ተቀምጠው ይቀይሩ። ይህን ቤት ውስጥ ዓይንዎን ጨፍነው ሦስት አራት ጊዜ ይለማመዱት። አብዛኛውን ሰው የሚያስቸግረው ክዳኑ ወደየት እንደተንከባለለ ማጣትና ድንጋዩ በየትኛው ጫፉ እንደሚገባ መርሳት ነው። ክዳኑን ከቱቦው ጋር በአጭር ክር ይሰሩት፤ የመለዋወጫውን ድንጋይ ቀድሞ የሚገባውን ጫፍ ደግሞ በዙሪያው፣ አናቱን ሳይሸፍኑ፣ በቀጭን ፕላስተር ይጠምጥሙት፣ ጣት እንዲያውቀው።